ለሥነ ሕንፃ ተማሪው ምን ስንቅ እንቋጥርለት?

ሩቅ አገር የሚሄድ መንገደኛ ስንቁን አስቀድሞ ይቋጥራል። በሶውም ሆነ ዳቦ ቆሎው የሚሰናዳው እርሱ ከሚያውቀው እህል ነው፤ የሄደበት አገር ምግብ እስኪስማማው ድረስ የሚያቆየው ይኸው የቤቱ ስንቅ ነውና። ሥነ ሕንፃን ለመማር ወደ ውጭ አገር የምንልከው ወጣት ግን አገልግሉን ባዶ ይዞ ይሄዳል። ይባስ ብሎም፣ የሚቀበሉት ትምህርት ቤቶች ባዶነቱን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጥሩ መነሻ አድርገው ሲቆጥሩት ይታያሉ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ልማድ ጋር ነው። የሥነ ሕንፃ ተማሪ መሰናዶ መጀመር ያለበት ተማሪው ባደገበት አገር፣ ባደገበት ቤት፣ በሚያውቀው አፈርና በሚያውቀው ፀሐይ ነው እንላለን።

በመሠረቱ ለውጭ አገር ትምህርት መሰናዳት ለሁሉም ሙያ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ፊዚክስ ሊማር የሄደ ወጣት የሚያጠናው የመሬት ስበት ሕግ በአዲስ አበባም በለንደንም ያው ነው። የኬሚስትሪ ተማሪም አገሩ ሲመለስ ውሃ ከሌላ ንጥረ ነገር ተሠርቶ አያገኘውም። ሕንፃ ግን መሬት ላይ ይቆማል፤ መሬቱም የአንድ አገር መሬት ነው። ዝናቡ፣ ነፋሱ፣ የፀሐይዋ አካሄድ፣ ድንጋዩና እንጨቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በውስጡ የሚኖረው ሕዝብ አነዋወር የሕንፃውን መልክ ይወስናሉ። ስለዚህ የሥነ ሕንፃን ተማሪ ልክ እንደ ፊዚክስ ተማሪ ቋንቋና ሒሳብ ብቻ አስታጥቆ መላክ የሙያውን ጠባይ አለመረዳት ነው።

ጉዳዩን ከታሪኩ እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የሚጎርፈውን ተማሪ ለመቀበል በብዙ አገሮች የመሰናዶ ትምህርት ተቋቋመ። በምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕሲሽ ከተማ፣ በ1956 የተመሠረተውና ከ1961 ጀምሮ በኸርደር ስም የተጠራው ኢንስቲትዩት የውጭ አገር ተማሪዎችን ጀርመንኛና የየሙያቸውን መነሻ እያስተማረ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ይልክ ነበር። በሶቪየት ኅብረትም በየዩኒቨርሲቲው የመሰናዶ ፋኩልቲዎች ነበሩ፤ ተማሪው አንድ ዓመት ያህል ሩሲያኛን፣ ሒሳብን፣ ፊዚክስንና እንደየሙያው ዘርፍ ንድፍን ይማርባቸዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በእነዚህ ደጆች አልፈዋል። ዛሬ ደግሞ በብሪታንያ ፋውንዴሽን እየተባለ የሚጠራው የመሰናዶ ዓመት ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ፣ የእጅ ሥዕልና የሞዴል ሥራ ያስተምራል፤ ተማሪው በዓመቱ መጨረሻ የሥራዎቹን ስብስብ፣ ማለትም ፖርትፎሊዮውን፣ ለዩኒቨርሲቲው ያቀርባል።

የእነዚህን ተቋማት ጥቅም መካድ ፍትሕ የጎደለው ፍርድ ይሆናል። ቋንቋውን ያላወቀ ተማሪ መምህሩን አይሰማም፤ እጁ እርሳስ ያልለመደ ተማሪ ያሰበውን በወረቀት ላይ አያሰፍርም። እነዚህን ማስተማር አስፈላጊ ነው፤ በብዙ ትጋትም ተሠርቶበታል። ጥያቄያችን የሚነሣው እጁ ምን እየሣለ ይልመድ? ዓይኑ ምን እያየ ይሠልጥን? በሚለው ላይ ነው።

በሞስኮ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ለመግባት የሚፈተን ወጣት ለረጅም ዘመን ከተጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ከጀሶ የተሠራን የጥንታዊ ሐውልት ራስ በእርሳስ መሣል ነው። ፀጉሩ የተጠቀለለ፣ አፍንጫው የቀና፣ ዓይኑ ብሌን የሌለው የግሪክና የሮማ ራስ! ከገባ በኋላም የጥንቱን የዐምድ ሥርዓት ከነቅርጹና ከነጥላው በጥንቃቄ መሥራት የመጀመሪያ ዓመታት ትምህርቱ አካል ነው። ወደ ብሪታንያ ስንመጣ ነገሩ ለዘብ ያለ ይመስላል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በኮምፒዩተር ከተሠራ የቴክኒክ ንድፍ ይልቅ የእጅ ሥዕልን፣ ሞዴልንና ፎቶግራፍን ማየት እንደሚመርጡ ይናገራሉ፤ የተማሪውን የራስ አመለካከት እንፈልጋለን ይላሉ። መልካም ነው። ነገር ግን የራሱን አካባቢ በሥርዓት ማየት ማንም ያላስተማረው ወጣት በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያሳየው አመለካከት በአብዛኛው መምህሮቹ የሚወዱት አመለካከት ይሆናል። በደጁ ያለውን ከተማ ይሥላል፤ በቤተ መጻሕፍቱ ያገኘውን ሥራ ያደንቃል፤ ካደነቀውም ይቀዳል። ጀሶው ቀረ፤ ኩረጃው ግን አልቀረም።

ይህ የስሜት ክርክር እንዳይመስል በቁጥር የሚለካ ምሳሌ እናቅርብ። ለንደን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ51 ዲግሪ ተኩል ላይ ትገኛለች። በዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት፤ በክረምታቸው ልብ ላይ ከአድማሱ በላይ ከፍታዋ 15 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ የሚማር ወጣት ዋናውን መስኮት ወደ ደቡብ ክፈት፣ ብርሃኑንና ሙቀቱን ወደ ውስጥ ጋብዝ የሚለውን ትምህርት እንደ ሁለተኛ ተፈጥሮው ይይዘዋል። ለዚያ አገር ትክክል ነው። አዲስ አበባ ግን በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። እዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሪው ጊዜ ወደ ደቡብ ትመለሳለች። በታኅሣሥ እንኳ የቀትር ከፍታዋ ከ57 ዲግሪ አይወርድም። እንግዲህ በእኛ ሰማይ ሥር ፈታኙ ከአናት የሚወርደው ጨረርና ከሁሉም ይልቅ በጠዋትና በማታ ዝቅ ብሎ ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚገባው ነው። ወደ ምዕራብ የዞረ ሰፊ የመስታወት ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል። ሆኖም በከተሞቻችን አውራ ጎዳናዎች ግራና ቀኝ የቆሙትን በመስታወት የተለበጡ ፎቆች እንመልከት! ስንቶቹ ናቸው ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትሄድ የጠየቁ? በውስጣቸው የሚሠሩት ሰዎች መጋረጃ ጎትተው፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው ይውላሉ። ይህ ስሕተት የሚወለደው በግንባታው ቀን አይደለም። ወጣቱ እርሳስ በያዘበት በመጀመሪያው ዓመት፣ የሌላ አገር ፀሐይ የእርሱ ፀሐይ መስላ በታየችው ጊዜ ይጸነሳል።

የፀሐይዋ ነገር ለአነዋወርም ይሠራል። የሐረሪ ቤት ውስጥ ወለሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው የመደቡ ከፍታ ነው። ቤቱ ያለ አንድ ወንበር የአንድን ማኅበረሰብ የአክብሮት ሥርዓት በወለሉ ይናገራል። በዚያ ቤት ያደገ ተማሪ ወደ መሰናዶ ትምህርት ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ወንበር፣ ጠረጴዛና አልጋ በፕላን ላይ መደርደር ከሆነ፣ ማንም አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገር የገዛ ቤቱ ሥነ ሕንፃ እንዳልሆነ ተነግሮታል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ወጣቱ አገሩን እንዲንቅ የሚያስተምረው የለም፤ ነገር ግን አገሩ በትምህርቱ ውስጥ ስላልተገኘች ንቀቱን ራሱ ይማረዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ!

ይህን ቅሬታ የምናነሣው የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። በማንቸስተር ሥነ ሕንፃ ይማር የነበረው ናይጄሪያዊው አዴዶኩን አዴየሚ የሚሰጠው ትምህርት ለአገሩ አየርና ኑሮ የማይስማማ መሆኑን በመግለጥ ጥያቄ አነሣ። በ1953 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስለ ትሮፒካል አገሮች ሥነ ሕንፃ ጉባኤ ሲካሄድ ከገፋፉት አንዱ እርሱ ነበር። በማግስቱም፣ በ1954፣ በለንደን በሚገኘው የአርክቴክቶች ማኅበር ትምህርት ቤት ለትሮፒካል ሥነ ሕንፃ ልዩ ክፍል ተከፈተ። ክፍሉ በ1971 ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተዛወረ። አንድ የውጭ አገር ተማሪ ያነሣው ጥያቄ የአንድን ታላቅ ከተማ ትምህርት ቤት በር እንዳስከፈተ ልብ ይሏል።

ሆኖም መልሱ ግማሽ መልስ ነበር። ክፍሉ የተከፈተው ለተመረቁ ባለሙያዎች ነው። ለዓመታት በአንድ ሰማይ ሥር ማሰብን የተማረ ሰው ከዲግሪው በኋላ በጥቂት ወራት ሌላውን ሰማይ እንዲጨምር ተደረገ። የገዛ አገር ዕውቀት መሠረት መሆኑ ቀርቶ እንደ ጣራ ክዳን በመጨረሻ ተደረበ። መሠረትን ከጣራ በኋላ የሚያወጣ ግንበኛ ግን የትም አይገኝም።

እዚህ ላይ ተቃራኒዎቻችን ሦስት መከራከሪያዎች ያቀርባሉ። የመጀመሪያው፣ ተማሪው ወደ ውጭ የሚሄደው የማያውቀውን ሊማር ነው፤ የአገሩን ቤትማ ያውቀዋል የሚል ነው። እውነት ያውቀዋልን? በቤት ውስጥ መኖርና ቤትን ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጭቃ ቤት ያደገ ወጣት ቋሚው ምን ያህል ተራርቆ እንደሚተከል፣ ማገሩ በምን እንደሚታሰር፣ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለምን ቀናት እንዲቦካ እንደሚተው፣ የምርጊቱ ድርብርብ ለምን እንደሚደርቅ ተጠብቆ እንደሚለጠፍ ጠይቆ ያውቃልን? የዶርዜ ሰው በቀርከሃ የሸመነውን ረጅም ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን እየቆረጠ ዝቅ እንደሚያደርገው፣ ሲያስፈልግም ቤቱን በሰው ኃይል አንሥቶ ከቦታ ቦታ እንደሚያዛውረው ስንቱ ተማሪ በወረቀት ላይ አስፍሮታል? ቤቱ ዕድሜውን በቁመቱ ይቆጥራል። እርጅናውን አስቀድሞ ያሰበ ሕንፃ ከዚህ የበለጠ በምን ትምህርት ይገኛል?

የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንውሰድ። ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ ተደርበው፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት የእንጨት ጫፎች ወደ ውጭ ወጥተው ይታያሉ። የአክሱም ሐውልቶች ደግሞ ይህንኑ የእንጨትና የድንጋይ አሠራር ከነበሩና ከነመስኮቱ በአንድ ወጥ አለት ላይ ቀርጸው አቆዩት። አንዱን ማቴሪያል በሌላው መናገር ምን ማለት እንደሆነ ለማስተማር ከዚህ የሚሻል ምሳሌ ሩቅ መፈለግ አያሻም። ላሊበላ ስንደርስ ደግሞ ከዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ፣ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ከአለቱ አናት ወደ ታች 12 ሜትር ያህል ተፈልፍሎ በመስቀል ቅርጽ ቆሟል። ጠራቢዎቹ ጣራውን ከወለሉ፣ ጉልላቱን ከደጃፉ አስቀድመው ሠሩ። የወጣው ድንጋይ አይመለስምና የቀረውንና የሚወጣውን በአእምሯቸው ቆርጠው ማየት ነበረባቸው። ዛሬ የመሰናዶ ተማሪ ሕንፃን ለሁለት ቆርጦ ውስጡን የሚያሳይ ንድፍ፣ ሴክሽን የሚሉትን፣ ለመረዳት ሳምንታት ይፈጅበታል። ቤተ ጊዮርጊስን ለክቶ በወረቀት ላይ የቆረጠ ተማሪ ግን ባዶና ሙሉ፣ ውስጥና ውጭ ምን እንደሆኑ ዳግመኛ አይስታቸውም።

ሁለተኛው መከራከሪያ፣ ሥዕል ሥዕል ነው፤ የጀሶ ራስም ሆነ የእንስራ ቅርጽ እጅን ያሠለጥናል የሚል ነው። እጅን ያሠለጥናል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን መምህር ለተማሪው የሚያስቀምጥለት የመጀመሪያ ነገር ሁሉ ፍርድ አለበት፤ ሊሣል የሚገባው ይህ ነው የሚል ፍርድ። ዓመቱን ሙሉ ያ ራስ ከፊቱ የቆመለት ወጣት ውበት ማለት ያ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያምናል። ሠዓልያን አንባብያን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ እንግዲያው ወደ ጎጆ እንመለስ ትላላችሁን? የሚለው ነው። ይህ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ በባህል ስም ሕዝቡን በድህነቱ ውስጥ እንዲቀመጥ የሚመክሩ አሉና። የእኛ ሐሳብ ይህ አይደለም። የጎጆ ምስል በሲሚንቶ ፎቅ ላይ እንደ ቆብ መድፋትም ባህልን ማክበር አይባልም፤ ባህሉ ያለው አሠራሩን በሚያዝዘው ምክንያት ላይ እንጂ በቅርጹ ላይ ብቻ አይደለም። ለዚህ ማስረጃ እንዲሆን የአንድ ተማሪን ጉዞ እንመልከት።

ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ በተባለች መንደር ተወለደ። በ1985 አናጢነት ሊማር በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ጀርመን ሄደ። ቀን እየሠራ ማታ እየተማረ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰና በበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንፃ ለማጥናት በቃ። እንግዲህ የእርሱ መሰናዶ መጋዝና መሮ ነበረ። ገና ተማሪ ሳለ ለመንደሩ ልጆች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነደፈ፤ ገንዘብ አሰባሰበ፤ ትምህርት ቤቱም በ2001 ተሠርቶ ተጠናቀቀ። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ ከተጨመረበት የመንደሩ አፈር በተሠራ ጡብ የቆመ ነው። ከጣሪያው በላይ ሰፊ የቆርቆሮ ክዳን ከፍ ብሎ ተንሳፍፏል፤ በመካከሉ አየር እየተመላለሰ የቆርቆሮውን ግለት ይወስደዋል። የመንደሩ ሕዝብ ራሱ በጉልበቱ ሠራው፤ እየሠራም ተማረው። ሥራው በ2004 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ። ዲግሪውን የተቀበለውም በዚያው ዓመት ነው። በ2022 ደግሞ ፕሪትዝከር የተባለውን የሙያውን ታላቅ ሽልማት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ተሸለመ።

ኬሬ ጀርመን የሰጠችውን ሁሉ ወሰደ፤ ስሌቱንም፣ የብረቱን ሥራም፣ ሥርዓቱንም። ወደ ጎጆ አልተመለሰም። ነገር ግን የተማረውን ሁሉ የሚጠይቅበት አንድ ጥያቄ ከቤቱ ይዞ ሄዶ ነበር፤ ይህ ለጋንዶ ልጆች ምን ይጠቅማል? የሚል። ስንቅ የምንለው ይህን ነው። ስንቅ ያለው ተማሪ ከባዕድ ማዕድ መርጦ ይበላል፤ የሌለው ግን የቀረበለትን ሁሉ ይውጣል።

እስካሁን ጣታችንን ወደ ተቀባዮቹ ቀስረናል። ወደ ላኪውም እንመለስ፤ ከፍ ያለው ኃላፊነት የላኪው ነውና። በአገራችን የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚመዘነው በሒሳብ፣ በፊዚክስና በመሳሰሉት ነው፤ ሥዕል በመግቢያ ፈተናው ውስጥ ስፍራ የለውም። የሕንፃ ሙያ ትምህርት በአዲስ አበባ በ1954 ከስዊድን ጋር በመተባበር በተቋቋመው ኢንስቲትዩት ጥንታዊ ሥር ያለው ሆኖ ሳለ፣ ወደ ውጭ የሚሄደውን ወጣት አስቀድሞ በአገሩ ሕንፃ የማሠልጠን ኃላፊነት የእገሌ ነው ተብሎ አልተወሰነም። ለተጓዡ የምንሰጠው የምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርትና የአየር ቲኬት ነው። ከዚያም ሲመለስ ለምን የባዕድ ሕንፃ ሠራህ ብለን እንወቅሰዋለን። ያልቋጠርንለትን ስንቅ ለምን አልበላህም እንደ ማለት ነው!

ስለዚህ ከወቀሳ አልፈን ሊደረግ የሚገባውን በግልጥ እናስቀምጥ። ለሥነ ሕንፃ ወደ ውጭ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት አራት ሥራዎችን ይፈጽም።

አንደኛ፣ በሚያውቀው አካባቢ ያለ አንድ ቤት ይምረጥ፤ የጭቃ ቤት፣ የድንጋይ ህድሞ፣ የኮንሶ የድንጋይ አጥር ያለው ግቢ ወይም የከተማ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ሊሆን ይችላል። በሜትር ለክቶ ፕላኑን፣ ፊቱንና ቁርጡን በእጁ ይንደፍ። ሁለተኛ፣ ከአንድ አናጢ ወይም ግንበኛ ጋር ቢያንስ አንድ የግንባታ ወቅት ይሥራ፤ ጭቃ ይርገጥ፣ ድንጋይ ይጥረብ፣ ቱንቢ ይያዝ። ሦስተኛ፣ በደጁ ቀጥ ያለ በትር ተክሎ በየሳምንቱ የቀትር ጥላውን ይመዝግብ፤ ጥላው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሻገርበትን ቀን በገዛ ዓይኑ ይይ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ በማናቸውም መጽሐፍ ከሚያነበውም ይበልጥ ይጸናለታል። አራተኛ፣ የሕንፃ ክፍሎችንና የአሠራር ስሞችን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይሰብስብ። ቋሚ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ምሰሶ፣ ምርጊት፣ ልስን እያለ ስሙን የማያውቀውን ነገር በባዕድ ቋንቋ ቢያጠናው፣ ሲመለስ ከግንበኛው ጋር የሚነጋገርበት አንደበት ያጣል።

የተቀባዮቹም ድርሻ ቀላል ነው። ይህን የልኬት ሥራ እንደ ፖርትፎሊዮ ይቀበሉት፤ በመሰናዶው ዓመት ከሚሰጡት ልምምዶች ግማሹን ተማሪው በመጣበት አገር መሬትና ፀሐይ ላይ እንዲሠራ ያድርጉት። ከናይጄሪያ፣ ከኔፓል፣ ከኢትዮጵያና ከፔሩ የመጡ ወጣቶች በአንድ ክፍል ተቀምጠው እያንዳንዱ የአገሩን ግድግዳ ቢያስረዳ፣ የዚያ ክፍል መምህር ራሱ የማያውቀውን ይማራል። ይህ ለእነርሱም ከችሮታ ይልቅ ጥቅም ነው።

መምህራን፣ ይህ ሥራ አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ በጀት እስኪመጣ አይጠብቅም፤ የሜትር ገመድ፣ እርሳስና ወረቀት ይበቁታል። ሠዓልያን፣ ለወጣቱ ዓይን የሚያስቀምጡት የመጀመሪያ ነገር የእናቱ ቤት ምሰሶ ይሁን። የሥራ ኃላፊዎች፣ የነፃ ትምህርት ዕድል ሲደለደል ተማሪው ምን ያህል ነጥብ አመጣ ብቻ ሳይሆን የትኛውን ቤት ለክተሃል? ተብሎም ይጠየቅ። አበው የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ያሉት በሬው ሌላ መስክ እንዳያይ ለመከልከል አልነበረም፤ የምድሩን ሣር የሚያውቅ ጥርስ እንዲኖረው እንጂ። እንዲህ ያለውን ተማሪ ወደ ለንደንም ወደ ሞስኮም፣ ወደ በርሊንም እንላከው። ሲመለስ የምንቀበለው ባለሙያ መስኮቱን ከመክፈቱ በፊት ፀሐይዋ ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ ይሆናል።